ከፍራንክፈርት እስከ ናይሮቢ፦ የአርክቴክት ኤርንስት ማይ የቤት አሠራር ታሪክ

ማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ስለ ማኅበሩ አመሠራረት፣ ስለ ቀደምት አባሎቻችንና ስለ ዕድራችን ሌሎች ወገኖች በዚሁ መጽሔት ጽፈዋል። እኛ ደግሞ ስለ ቤት ልንጽፍ ወደድን። በሰው አገር የሚኖርን ሰው ከመኖሪያ ፈቃድ ቀጥሎ እንቅልፍ የሚነሳው የቤት ጉዳይ ነውና። ናይሮቢ ከገባን ወገኖች ብዙዎቻችን ኑሮን የጀመርነው በኢስሊ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል፣ አለዚያም ከትልቅ ቤት ጓሮ በተሠራችና እዚህ አገር «ኤስ ኪው» በምትባል የሠራተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ኑሮ ሲሻሻል ሁለት መኝታ ያለው አፓርታማ እንከራያለን። ሆኖም እናቶቻችን ምጣዱን የሚጥዱበት ቦታ አጥተው ሲቸገሩ፣ ልጆች በጠባብ ኮሪደር ሲጋፉ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ረከቦቱ መተላለፊያ ሲዘጋ፣ «ይህን ቤት ያወጣው ሰው ማንን አስቦ ነው?» ብለን መጠየቃችን አይቀርም።

ይህንኑ ጥያቄ በሙያው አንሥቶ ዕድሜውን ሙሉ የደከመበት አንድ ሰው ነበረ፤ ጀርመናዊው አርክቴክት ኤርንስት ማይ። ከ1934 ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል በምሥራቅ አፍሪካ፣ አብዛኛውንም ጊዜ እኛ በምንኖርባት በናይሮቢ፣ ከአገሩ ርቆ ኖሯል። ስሙን ከመካከላችን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ቢሆንም፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ አፓርታማ ውስጥ የምናየው ተገጣጣሚ ኩሽና የመጣው እሱ ይመራው ከነበረ መሥሪያ ቤት ነው። ውድ አንባቢያን፣ ታሪኩን ባጭሩ እናቀርባለን። ዘመናቱ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጻፍነውን «ዓ.ም.» ብለን ለይተናል።

ትምህርቱና የመጀመሪያ ሥራው

ኤርንስት ማይ በ1886 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። የሥነ ሕንፃ ትምህርቱን በለንደን፣ በዳርምሽታትና በሙኒክ ተከታተለ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት እንግሊዝ አገር ሬይመንድ አንዊን ከተባለው ዕውቅ የከተማ ፕላን ሊቅ ዘንድ ሠርቷል። አንዊን በለንደን ዳርቻ ሃምፕስቴድ በተባለው ቦታ የአትክልት ሰፈር ያወጣ ሰው ነው። ሐሳቡም ሠራተኛው ሕዝብ በጭስና በጠባብ ጓሮ ከሚታፈን፣ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ አነስተኛ ቢሆንም የራሱ አትክልት ያለው፣ ነፋስና ፀሐይ የሚያገኝ ቤት ይኑረው የሚል ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ማይ ከ1919 እስከ 1925 ድረስ ሽሌዝየን በተባለው፣ ዛሬ አብዛኛው በፖላንድ ውስጥ በሚገኘው ክፍለ አገር የገጠር ቤቶች ሥራን መራ። ገንዘብ የለም፤ ሲሚንቶና ብረት ተወዷል፤ ቤት የሌለው ሰው ግን ብዙ ነው። በመሆኑም ለእያንዳንዱ ቤት አዲስ ፕላን ማውጣቱን ትቶ፣ ጥቂት የቤት ዓይነቶችን በጥልቅ አጥንቶ እነሱኑ መደጋገም ጀመረ። እኛ በንግድ የምንኖር ሰዎች ይህ በቀላሉ ይገባናል። ልብስ ሰፊ የእያንዳንዱን ሰው ልክ ለክቶ ሲሰፋ ዋጋው ይወደዳል፤ በቁጥር ተዘጋጅቶ የሚመጣው ልብስ ግን ለብዙ ሰው ይዳረሳል። ነገር ግን ቁጥሩ ሲወጣ የማን ልክ ተወሰደ? ወደዚህ ጥያቄ በኋላ እንመለስበታለን።

አምስቱ የፍራንክፈርት ዓመታት

በ1925 የፍራንክፈርት ከንቲባ ሉድቪግ ላንድማን ማይን ወደ ትውልድ ከተማው ጠርቶ የከተማውን የግንባታ ሥራ በሙሉ አስረከበው። ከተማው በቤት እጥረት ተጨንቆ ነበር። ማይና ጓደኞቹ እስከ 1930 ባሉት አምስት ዓመታት ብቻ ከ12 ሺህ በላይ መኖሪያ ቤቶችን አሠሩ። ይህን ያህል ቤት በአጭር ጊዜ እንዴት ሊሠራ ቻለ ቢባል፣ አሠራራቸው በአራት ነገሮች ላይ የቆመ ነበር።

አንደኛ፣ በርና መስኮት፣ እጀታና ምድጃ ሳይቀር በአንድ ልክ ወጥቶ በፋብሪካ በብዛት እንዲመረት አደረጉ። ሁለተኛ፣ ከከተማው ማዶ ፕራውንሃይም በተባለው ሰፈር ለተሠሩ ብዙ ቤቶች ግድግዳውን በጡብ ከመካብ ይልቅ ትልልቅ የአርማታ ሰሌዳ በፋብሪካ አዘጋጅተው በክሬን እያነሡ ገጠሙ። ሦስተኛ፣ ቤቶቹን እንደ ጥንቱ ግቢ ዙሪያውን ከማጠር ይልቅ በተርታ ደርድረው፣ እያንዳንዱ ክፍል በቀን ውስጥ ፀሐይ እንዲያገኝ አቅጣጫቸውን አስተካከሉ። አራተኛ፣ ለቤተ ሰቡ ጎመንና ድንች የሚተክልበት ቁራሽ መሬት በሰፈሩ ውስጥ ወይም አጠገቡ አዘጋጁ። ሮመርሽታት የተባለው ሰፈር ደግሞ በ1927 እና በ1928 ሲሠራ፣ ከመብራት አልፎ ለምግብ ማብሰያም ኤሌክትሪክ ሙሉ በሙሉ በመግባቱ በጀርመን አገር የመጀመሪያው ሆነ።

በ1929 የብዙ አገር አርክቴክቶች ፍራንክፈርት ላይ ተሰብስበው አንድ ጥያቄ አነሡ፤ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ቤተ ሰብ ክብሩን ጠብቆ ለመኖር የሚያስፈልገው ትንሹ ቤት ምን ያህል ነው? የማይ ወገኖች መልስ በካሬ ሜትር ብቻ የሚለካ አልነበረም። ብርሃን፣ አየርና ፀሐይ እስካገኘ፣ ዕቃውም በሥርዓት እስከተቀመጠ ድረስ ትንሽ ቤት ለኑሮ ይበቃል አሉ።

የፍራንክፈርት ማጀት

ከእነዚህ ሥራዎች ሁሉ በዓለም የታወቀው በ1926 የተነደፈው የፍራንክፈርት ማጀት ነው። የነደፈችውም በማይ መሥሪያ ቤት ትሠራ የነበረች የቪየና ተወላጅ አርክቴክት፣ ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ ናት። ማጀቱ 1 ሜትር ከ90 በ3 ሜትር ከ40 ሲሆን በጠቅላላው ስድስት ካሬ ሜትር ተኩል ይሆናል። በባቡር ላይ በጠባብ ቦታ ለብዙ ሰው ምግብ የሚዘጋጅበትን ኩሽና በምሳሌነት ተጠቀመች። አንዲት ሴት ምግብ ስትሠራ የምትረግጠውን እርምጃና የሚፈጀውን ደቂቃ በሰዓት እየለካች፣ ማጠቢያውን፣ ምድጃውንና መክተፊያውን እጅ በሚደርስበት ደረደረች።

ባለሱቅ የሆነ ሰው በዚህ ማጀት መደርደሪያ መደነቁ አይቀርም። ሩዝ፣ ስኳርና የመሳሰለው እህል የሚቀመጥባቸው፣ እንደ መሳቢያ የሚወጡና ማፍሰሻ አፍ ያላቸው የአሉሚኒየም ዕቃዎች በተርታ ተሰክተዋል፤ በእያንዳንዱም ላይ የያዘው ነገር ስም ተጽፏል። የዱቄቱ መሳቢያ ግን ነቀዝ እንዳይገባበት በሚል ከኦክ እንጨት ተሠራ። ዝንብ ሰማያዊ ነገር ላይ አያርፍም ይባል ስለነበረ እንጨቱ ሰማያዊ ቀለም ተቀባ። የልብስ መተኮሻው ሰሌዳ ከግድግዳ ይታጠፋል። ከሳሎን ጋር የሚያገናኘው በር ተንሸራታች በመሆኑ እናት እየሠራች ልጆቿን ታያለች። ይህ ማጀት በ10 ሺህ ያህል ቤቶች ውስጥ ተገጥሟል።

የንድፉ ዓላማ የሴትን ድካም መቀነስ ነበር። ከፋብሪካ ውላ የምትመጣ ሠራተኛ ሴት ምሽቷን በሙሉ በማጀት እንዳታሳልፍ ታስቦ ነው። ሹተ ሊሆትስኪ ራሷ ግን ይህን ማጀት ስትነድፍ ምግብ የማብሰል ልምድ እንዳልነበራት በኋላ ዘመን ተናግራለች። ብዙ ሴቶችም ማጀቱ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን በመሆኑ ልጅና ባል ገብተው የሚያግዙበት ቦታ የለውም ሲሉ ነቅፈውታል። ወደ እኛ ኑሮ ስናመጣው ችግሩ ይብሳል። እንጀራ ለመጋገር ምጣድ፣ የሊጥ ቡሃቃ፣ አክንባሎና የተጋገረው የሚበርድበት ሰፊ ሰፌድ ይፈለጋል። ወጥ ስንሠራ ሽንኩርት የምትከትፈዋ አንዷ፣ ቁሌቱን የምታማስለዋ ሌላዋ ናት፤ በበዓል ቀን ደግሞ ሦስትና አራት ሆነው ነው። በፍራንክፈርት ከተማ የሚኖሩ ዘመዶቻችንም ሆኑ እዚህ ያለነው፣ በጠባብ ማጀት የምንቸገረው ቤቱ ክፉ ሆኖ አይደለም። ልኩ ሲወሰድ የእኛ እናት በቦታው ስላልነበረች ነው።

ከአገር መውጣት

በ1930 መገባደጃ ማይ አብረውት ከሚሠሩ ባለሙያዎች ጋር ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደ። እንደ ማግኒቶጎርስክ ያሉ አዳዲስ የኢንዱስትሪ ከተሞችን ፕላን እንዲያወጣ ተጠርቶ ነበር። ሥራው ሰፊ፣ የግንባታው ዕቃ ግን የማይገኝ ሆነ፤ የመንግሥቱም ሐሳብ በየጊዜው ተለዋወጠ። በ1933 ውሉ ሲያበቃ ወደ አገሩ መመለስ አልቻለም፤ በዚያው ዓመት ናዚዎች ሥልጣን ይዘዋልና። ፍራንክፈርት ላይ ያሾመው ከንቲባ ላንድማን የአይሁድ ወገን በመሆኑ ከሹመቱ ተባርሮ ወደ ኔዘርላንድ ተሰደደ፤ በ1945 እዚያው ሞተ። ሹተ ሊሆትስኪም ናዚዎችን በመቃወሟ ከ1941 እስከ 1945 ድረስ ታስራለች፤ ከእስር ወጥታ እስከ 2000 ድረስ በሕይወት ኖራለች። ሺህ ሰው ቤት እንዲያገኝ ያደረጉ ሦስት ሰዎች እንዲህ ራሳቸው አገር አጡ።

ማይ በ1934 በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ወደነበረችው ታንጋኒካ መጣ፤ በአሩሻ አካባቢ መሬት ይዞ ገበሬ ሆነ። የከተማ ሙሉ የግንባታ ሹም የነበረ ሰው ማሳ ማረስ ያዘ። ከመካከላችን በአገር ቤት መምህር ወይም የሒሳብ ሹም የነበሩ፣ እዚህ ግን በሌላ ሥራ ኑሯቸውን የገፉ አባቶችና እናቶች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። በ1937 ግን ወደ ናይሮቢ ተሻግሮ የአርክቴክት ቢሮ ከፈተ፤ ካረን በሚባለው ሰፈርም ለቤተ ሰቡ ቤት ሠራ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ጀርመናዊ በመሆኑ እንግሊዞች እንደ ጠላት አገር ሰው ቆጥረው ያዙት፤ በደቡብ አፍሪካ ካምፕ ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። በናዚዎች ምክንያት ከአገሩ የቀረ ሰው በጀርመንነቱ ታሰረ ማለት ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ የሠራው

ማይ ከካምፕ ከወጣ በኋላ በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንጋኒካ ብዙ ሕንፃዎችን ነድፏል። በናይሮቢ የዴላሜር አፓርታማዎች፣ በኪሱሙ የአጋ ኻን የወሊድ ሆስፒታል፣ በሞምባሳ የኦሽያኒክ ሆቴል፣ በኪሊማንጃሮ ሥር በምትገኘው ሞሺ ከተማም የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ሕንፃ ከሥራዎቹ መካከል ናቸው።

ፍራንክፈርት ላይ ፀሐይን ወደ ቤት ለማስገባት የደከመው ሰው እዚህ ፀሐይን ከቤት ማስወጣት ነበረበት። ምድር ወገብ አጠገብ የጧትና የማታ ፀሐይ ከምሥራቅና ከምዕራብ በዝቅታ ስለምትገባ ግድግዳውን ታግላለች። ስለዚህ ቤቱ ረጅም ጎኑን ለሰሜንና ለደቡብ መስጠት፣ መስኮቶችን ፊት ለፊት ከፍቶ ነፋስ እንዲያልፍ ማድረግ፣ ጣሪያውን አስረዝሞ ግድግዳውንና በረንዳውን ማጥላት ያስፈልጋል። በሞምባሳ ሙቀት የሚሠራው ቤትና ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በናይሮቢ ብርድ የሚሠራው ቤት አንድ ሊሆን አይችልም። ይህን የገጠር አባቶቻችን ያለ ትምህርት ያውቁታል፤ የቆላው ጎጆና የደጋው ቤት አሠራራቸው ልዩ ልዩ ነው።

በ1945 ማይ አንድ አዲስ የቤት አሠራር አወጣ። በፋብሪካ የሚዘጋጁ ጎበጥ ያሉ የአርማታ ሰሌዳዎችን በመንጠቆ እያያያዙ የሚገጥሙት ቤት ነው። ግድግዳውና ጣሪያው አንድ ሆኖ ወደ ላይ ይጎብጣል፤ ቅርጹም ያካባቢውን ጎጆ ያስታውሳል። የፍራንክፈርቱን የፋብሪካ ቤት ለአፍሪካ ሠራተኛ ለማስማማት ያደረገው ሙከራ ነበር። ነገር ግን በብዛት ሳይሠራ ቀረ።

በዚያው በ1945 በዩጋንዳ የነበረው የእንግሊዝ አስተዳደር የካምፓላን የማስፋፊያ ፕላን እንዲያወጣ አዘዘው፤ ሥራውም ኮሎሎና ናጉሩ የተባሉትን ኮረብታዎች የሚመለከት ነበር። ማይ የኮረብታውን አቀማመጥ ተከትሎ መንገድ አወጣ፤ ገበያ፣ ትምህርት ቤትና የሕዝብ አዳራሽ መደበ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ፕላኑ እንደ ቅኝ ግዛቱ ሥርዓት አፍሪካውያንን፣ እስያውያንንና አውሮፓውያንን በየሰፈሩ የለየ ነበር። ለአፍሪካውያን የታሰበው ቤት ትንሽና ደረጃ በደረጃ «ለዘመናዊ ኑሮ» ያስለምዳቸዋል ተብሎ የተነደፈ ነው፤ ገብቶ የሚኖርበት ሰው ግን ሐሳቡን አልተጠየቀም። በሥራው የምናደንቀውን ሰው በዚህ ልንሸፍንለት አይገባም። በዘሩና በወገኑ የተነሣ መከራ የተቀበሉ ሰዎች ጓደኛ ሆኖ ሳለ፣ ሌላውን በዘር በሚለይ ፕላን ላይ እጁን አኑሯል።

በዚያ አካባቢ ለአፍሪካውያን የተሠሩት የናካዋና የናጉሩ ቤቶች ለሁለትና ለሦስት ትውልድ መኖሪያ ሆኑ። ነዋሪዎቹ ጎረቤት አፈሩ፤ ልጅ ዳሩ። በ2011 ግን ቦታው ለሌላ ግንባታ ተፈልጎ ነዋሪዎቹ ወጡ፤ ቤቶቹም ፈረሱ። ሲሠራ ያልተጠየቀ ሰው ሲፈርስም አልተሰማም።

በ1952 ኬንያ ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ማይ ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ወደ ጀርመን ተመልሶ በጦርነት የፈረሱ ከተሞችን መልሶ በማቋቋም ሥራ ተሰማራ፤ በ1970 ሃምቡርግ ላይ አረፈ። የፍራንክፈርት ሰፈሮቹ ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። ሮመርሽታት ውስጥ አንደኛው ቤት ከነማጀቱ ታድሶ ለጎብኚ ክፍት ስለሆነ፣ ወደዚያ የሚሄዱ ወገኖች ቢያዩት መልካም ነው።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ይህ አሠራር ከአገራችንም ጋር ግንኙነት አለው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ሥራ የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት፣ ጂ ቲ ዜድ፣ ባስተዋወቀው ወጪ ቆጣቢ አሠራር ላይ የተመሠረተ ነው። ባዶ ውስጥ ያለው ብሎኬት፣ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚገጠም የአርማታ ቋሚና አግዳሚ፣ በጥቂት ዓይነት የተወሰነ ፕላን፤ እነዚህ ሁሉ ማይ በጊዜው የደከመባቸው ነገሮች ናቸው። የኮንዶሚኒየሙ ነዳፊዎች ግን አንድ ነገር ጨምረዋል። እንጀራ ለመጋገር፣ በግ ለማረድና ልብስ ለማጠብ የሚሆን የጋራ ቤት ከሕንፃዎቹ አጠገብ እንዲሠራ አድርገዋል። በአንዳንዱ ሰፈር የጋራ ቤቱ ለታሰበለት ሥራ ሳይውል ቢቀርም፣ ስለ ምጣዱ ያሰበ ሰው መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

ከአባሎቻችን መካከል አገር ቤት ቤት በማሠራት ላይ ያላችሁ አላችሁ። ብዙ ጊዜ ፕላኑ የሚመረጠው ከዓረብ አገር ወይም ከአሜሪካ በመጣ ሥዕል ነው። ፊት ለፊቱ በመስታወት ያጌጣል፤ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ግን ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ አያስቀምጥም። በሥዕሉ ላይ ያለው ኩሽና ያበራል፤ እንጀራው ግን መጨረሻ ላይ ከጓሮ በቆርቆሮ በተሠራ ሰርቪስ ውስጥ ይጋገራል። ስለዚህ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ እንላለን። ፀሐይዋና ነፋሱ በየት በኩል ነው የሚገቡት? በዚህ ቤት ከሁሉ ይበልጥ የምትሠራዋ ሰው ፕላኑን አይታዋለች? ለቅሶ፣ ሠርግ ወይም ክርስትና በሆነ ጊዜ እንግዳው የት ይቀመጣል? እነዚህ ጥያቄዎች ፕላኑ በወረቀት ላይ እያለ ምንም ገንዘብ አያስወጡም፤ ግድግዳው ከቆመ በኋላ ግን ማፍረስን ያስከትላሉ።

በመጨረሻም የምናነሣው የጋራ ቤታችንን ጉዳይ ነው። ማኅበራችን የራሱ አዳራሽ እንዲኖረው በየጠቅላላ ጉባኤው ሲወሳ ኖሯል። እስከ አሁን ለቅሶአችንንም ደስታችንንም በተከራየነው ቦታ አሳልፈናል። የአዳራሹ ሥራ ሲጀመር ለአርክቴክቱ ከመነገሩ በፊት በየበዓሉ ድስቱን የሚሸከሙት እናቶች፣ አማርኛ ትምህርት የሚማሩት ልጆች፣ ደረጃ መውጣት የሚያቅታቸው አረጋውያን ተሰብስበው የሚፈልጉትን ይናገሩ፤ የተናገሩትም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። ኤርንስት ማይ ዕውቀት፣ ሥልጣንና ቅን ልብ ነበረው፤ ካምፓላ ላይ የጎደለው ይህ ብቻ ነበር። እኛ አርክቴክቶች አይደለንም፤ ነገር ግን ይህን ለማድረግ የምንከለከልበት ምክንያት የለም።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ይሁንልን።